አቶ ያደታ ቃልቤሳ፦ የሳልመን ወንዝ ካፒቴንና የመርዶ መልእክተኛ

አቶ ያደታ ቃልቤሳ ከአባታቸው ከአቶ ቃልቤሳ ዋቆና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሎሚ በዳሳ በኅዳር ወር 1955 ዓ.ም. በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በዝዋይ ከተማ ተወለዱ። ለወ/ሮ ሎሚ የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው በፊት የተወለደውን ወንድማቸውን የዝዋይ ሐይቅ ስለወሰደው እናታቸው ወደ ውሃው ዝር እንዳይሉ አጥብቀው ይከለክሏቸው ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ሳይሆን፥ አቶ ያደታ ሐይቅ ዳር ተወልደው ቢያድጉም እስኪጎለምሱ ድረስ አንድም ዓሣ አጥምደው አያውቁም። ይህን የምጽፈው የባለቤታቸው ታናሽ እህት ስመኝ ነኝ። ጋሼ ያደታ እያልኩ ብዙ ዘመን አብሬያቸው ስለኖርኩ፥ አንዳንድ ቦታ ላይ እንደ ጸሐፊ ሳይሆን እንደ ዘመድ ብናገር ይቅር በሉኝ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዝዋይ ካጠናቀቁ በኋላ በአዲስ አበባ በሞተር ጥገና ሙያ ሠልጥነው፥ በ1974 ዓ.ም. በትውልድ አካባቢያቸው በሚገኝ የመንግሥት እርሻ ውስጥ የውሃ ፓምፕ መካኒክ ሆነው ተቀጠሩ። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ጊዜ ወደ ኬንያ ተሰድደው በናይሮቢ ጋራዦች ውስጥ እየሠሩ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1996 በጃንዋሪ ወር ሚኒሶታ ገቡ። ወሩን የምጠቅሰው እሳቸውም ሳይጠቅሱት ስለማያልፉ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ወጥተው ብርዱ ፊታቸውን ሲመታቸው ተመልሰው ወደ ውስጥ ገብተው፥ ሊቀበላቸው የመጣውን ሰው “ሌላ ስቴት የለም ወይ?” ብለው ጠይቀዋል ይባላል። እሳቸው ግን ይህን እስከ መጨረሻው ክደዋል።

መጀመሪያ በሴንት ሉዊስ ፓርክ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በአስታማሚነት ተቀጠሩ። ዓሣ ማጥመድን ያስተማሯቸውን ሰው ያገኙት እዚያ ነው። ሎወል የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። በወጣትነታቸው አላስካ ውስጥ ዓሣ ማጥመድ የሚፈልጉ እንግዶችን በጀልባ እየወሰዱ ይመሩ ነበር፤ በእርጅናቸው ግን ከማንም ጋር አይነጋገሩም፥ ምሳ ሲቀርብላቸውም ትሪውን ይገፈትሩ ነበር። አቶ ያደታ አንድ ቀን ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለውን የጀልባ ፎቶ አይተው ስለ ሞተሩ ጠየቋቸው። አዛውንቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬ አላቋረጡም፤ ምሳቸውንም በሉ።

እ.ኤ.አ. በ1998 በጥቅምት ወር የሎወል ልጅ አባቱን ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሰሜን ሊወስድ ሲነሣ፥ ተሽከርካሪ ወንበሩን የሚገፋለት ሰው አስፈለገውና አቶ ያደታን ይዟቸው ሄደ። ከዱሉዝ አልፈው አንድ ትንሽ ወንዝ ወደ ሱፒሪየር ሐይቅ በሚገባበት ቦታ ላይ፥ አዛውንቱ ከወንበራቸው ሆነው እየነገሯቸው አቶ ያደታ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለመጀመሪያ ጊዜ አወጡ። ጥቂት አይተውት መልሰው ለቀቁት። ያን ጊዜ ከእህቴ ከቤዛዊት ጋር ተጫጭተው ነበር። ሲመለሱ ደውለውላት ስለ ዓሣው ብቻ አውርተው ስልኩን ዘጉ። እህቴም ወደ እኔ ደውላ፥ “ሰውየው እኔን ነው የሚያገባው ወይስ ዓሣ ነው የሚያገባው?” ብላ ጠየቀችኝ።

ሁለቱንም አገቡ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከወ/ሮ ቤዛዊት ጋር በሴንት ፖል በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው በ2001 መቅሊትን፥ በ2005 ፊሮምሳን ወለዱ። ቤታቸውን ዌስት ሴንት ፖል አደረጉ። ከ2002 ጀምሮ በሜፕልዉድ የስኩል ባስ ነጂ ሆነው አገልግለዋል። ሥራውን የመረጡት በምክንያት ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባሱም ይቆማልና ሰመሩ ሙሉ የእሳቸው ይሆናል። የሎወል ልጅ አላስካ ውስጥ ከሚያውቀው የዓሣ ማጥመጃ ሎጅ ጋር አገናኝቷቸው እ.ኤ.አ. በ2003 የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ሆነው ጀመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላም የካፒቴን ፈቃድ አውጥተው ራሳቸው እንግዳ ይመሩ ጀመር።

ያ ሎጅ መንገድ የለውም። የሚገባው ውሃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው። የእጅ ስልክ አይሠራም፤ ያለው ወጥ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ አንድ የሳተላይት ስልክ ብቻ ነው። በሰመሩ መጀመሪያ ኪንግ የሚባለውን ትልቁን ሳልመን፥ ከዚያ ቀዩን፥ በኦገስት ደግሞ ሲልቨር የሚሉትን ያሠግራሉ። በመካከሉ ወደ ወንዙ ራስ ወጥተው ከላባ በተሠራ ዝንብ ትራውት ያጠምዳሉ፤ ነፋሱ ጸጥ ያለ ቀን ደግሞ ወደ ባሕሩ ወርደው ሃሊበት የሚባለውን ጠፍጣፋ ዓሣ ከጥልቁ ያወጣሉ። ድብ ከማዶ ቆሞ እያያቸው እንደሚሠሩ ሲነግሩን እኛ እንጮኻለን፤ እሳቸው ግን ድቡ እንደ ሥራ ባልደረባ ነበር የሚቆጠርላቸው።

ዓሣ ሲነክስ እንግዳው ይደነግጥና ክሩን በኃይል ጎትቶ ይበጥሰዋል። አቶ ያደታ አይጮኹበትም። በአፍ መፍቻቸው በኦሮምኛ “ሱታ፥ ሱታ” ይሉታል፤ ቀስ በል ማለት ነው። በየዓመቱ ከቴክሳስ የሚመጡ ወንድማማቾች ቃሉን ይዘው ካፒቴን ሱታ የሚል ስም አወጡላቸው፤ ሎጁም ስሙን በጀልባቸው ላይ አስጻፈላቸው። እኚህ ሰው ቤታቸው ውስጥ ቴሌቪዥን እንኳ ጮክ ብሎ ሲከፈት ደስ አይላቸውም ነበር።

ከዚህ ሁሉ አንድም ነገር ለእናታቸው አልተነገረም። ወ/ሮ ሎሚ ልጃቸው ስኩል ባስ እንደሚነዱ እንጂ ውሃ ላይ እንደሚውሉ ሳያውቁ ነው የኖሩት። አንዱን ልጅ ለሐይቅ የሰጡ እናት እንዳይሳቀቁ ብለው ነው የደበቋቸው። በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም፥ አገር ቤት ሄጄ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ፎቶውን እያሳየሁ እነግራታለሁ ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ለገና ሊሄዱ አስበው ነበር።

ሰመሩ አልቆ ሲመለሱ በረዶ የሆነ ሳልመን በሳጥን ይዘው እየመጡ ለእድራችን አባላት ያድሉ ነበር። እኛም ወስደን ጥርስ እስኪሰብር ድረስ እንጠብሰዋለን። አንድ ጊዜ እኔ ቤት ቀርቦላቸው ከቀመሱ በኋላ፥ “ስመኝ፥ ይሄ ዓሣ እኮ አንዴ ሞቷል፤ ለምን ደገምሽው?” አሉኝ። ሳልመን ከባሕር ተነሥቶ ወደተወለደበት ወንዝ እንደሚመለስ የሰሙት የእድራችን ሰብሳቢ አቶ አዲስ ደግሞ በስብሰባ ላይ ተነሥተው “ዓሣ እንኳ አገሩን አይረሳም!” እያሉ ረጅም ንግግር ሲያደርጉ፥ ጋሼ ያደታ ከኋላ ሆነው “አቶ አዲስ፥ ተመልሶ ሄዶ እኮ ነው የሚሞተው” ቢሉ ስብሰባው በሳቅ ተበተነ። በጥቅምት ደግሞ ጓደኞቻቸውን ወደ ሰሜኑ ሐይቅ ዳር ይዘው ይሄዱ ነበር። አቶ አዲስ በተወለወለ የቆዳ ጫማ ሄደው ወንዝ ውስጥ የገቡትም ያኔ ነው። ሁለቱ ሰዎች እንዲህ ይዋደዱ ነበር።

በሐምሌ ወር 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2011) ወ/ሮ ሎሚ ዝዋይ ውስጥ አረፉ። ወሬው የደረሰው ለእህቴ ነው። አቶ ያደታ አላስካ ነበሩ። አቶ አዲስና የእድሩ ሽማግሌዎች እህቴ ቤት ተሰብስበው መከሩ። “ሰው ጭኖ ውሃ ላይ ነው ያለው። እናትህ ሞተች ተብሎ በስልክ ይነገራል? አጠገቡ ማን አለው? እጁ ቢንቀጠቀጥ እሱም እንግዳውም ይሰጥማሉ። ሥራውን ጨርሶ ይምጣ፤ ቤቱ ገብቶ፥ አርፎ፥ በማለዳ በወጉ ይረዳል” አሉ። ክፋት አልነበረበትም። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፥ የሚደግፍ ክንድ ባለበት፥ በማለዳ የሚነገር ነገር መሆኑን ሁላችንም እያየን ነው ያደግነው። ነገር ግን ያ ወግ የተሠራው ሰው ከሥራው ማታ ቤቱ ለሚገባበት አገር ነው። አቶ ያደታ ቤታቸው የሚገቡት ከእናታቸው አርባ በኋላ ነበር።

በየእሁዱ ከሎጁ ወጥ ቤት ይደውላሉ። “እማዬ እንዴት ናት?” ይላሉ። እህቴ “ደህና ናት፥ ሳሚልኝ ብላለች” ትላለች። ስልኩን ዘግታ መታጠቢያ ቤት ትገባለች። አንድ እሁድ ለእናታቸው ወፍራም የሱፍ ሹራብ ሊገዙ አስበው ቁመቷን ረሳሁት፥ ትከሻሽ ጋ ነው ወይስ ከዚያ በታች ብለው ጠየቁ። እህቴ እስከ ትከሻዬ ናት አለቻቸው።

በነሐሴ መጨረሻ ተመለሱ። ቤት ገቡ፥ እራት በሉ፥ ተኙ። በማግሥቱ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ከኮታቸው ሥር አድርገው ነበር። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ጋሼ ያደታ ናቸው። ያን ሁሉ ሰው ደጃቸው ላይ ቆሞ ሲያዩ ሳቁ። “ዘንድሮስ አላስቻላችሁም! ፀሐይ እንኳ ትውጣ እንጂ!” አሉ። ዓሣቸውን ሊወስዱ የመጡ መስሏቸው ነው። ማንም አፉን ሳይከፍት ወደ ጋራዡ ሄደው ፍሪዘሩን ከፍተው አንድ ሳጥን ይዘው መጡና ለአቶ አዲስ አቀበሏቸው። አቶ አዲስም ተቀበሉ። ምን ያድርጉ? ሌላ ሊያመጡ ሲመለሱ ነው ከሴቶቹ አንዷ መቻል አቅቷት የጮኸችው።

ጋሼ ያደታ የጠየቁት “መቼ?” ብለው ብቻ ነው። አቶ አዲስ ሳጥኑን እንዳቀፉ ቀኑን ነገሯቸው። ጋሼ ያደታ ወደ እህቴ ዞረው “ቁመቷን እኮ ነግረሽኛል” አሉ። እናታቸውን አልቀበሩም፥ ሣልስታቸውንም አርባቸውንም አላዩም፥ ስለ ውሃውም አልነገሯቸውም። ከዚያ በኋላ በስልክ ሲያወሩ የማንንም ደህንነት ጠይቀው አያውቁም፤ “ደህና ናቸው” የሚለውን መልስ ማመን ስላቃታቸው ነው። ከእህቴ ጋር ጊዜ ወስዶም ቢሆን ታረቁ። ከአቶ አዲስ ጋር ግን ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆኖ ቀረ።

በቀጣዩ ዓመት በእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነሥተው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ዘመዱ የሞተበት ሰው የትም ቢሆን በዚያው ዕለት ይረዳ፤ ሰው የሚደርስበት ከሆነ ሰው ሄዶ፥ የማይደረስበት ከሆነም አጠገቡ የሚቆም ሰው ተፈልጎ በስልክ ይነገረው አሉ። ብዙ ተጨቃጨቅን። ባህል አፍራሽ የተባሉም ጊዜ ነበር። በመጨረሻ ሲጸድቅ “ታዲያ ማን ይሄዳል?” ተባለ። “እኔ” አሉ።

ቃላቸውን ጠበቁ። በየሆስፒታሉ ፈረቃ ላይ ያለችውን፥ መጋዘን ውስጥ የሚሠራውን፥ ከስቴት ስቴት ጭነት የሚያመላልሰውን ሁሉ እየሄዱ ያረዱት እሳቸው ናቸው። የትራክ ሾፌሩ አቶ በሪሁን ወንድማቸው ሲሞት ዊስኮንሲን ውስጥ አንድ የትራክ ማረፊያ ላይ ነበሩ። እንዲህ ብለው ነግረውኛል፦ “ትራኬን ፓርክ አድርጌ ቁጭ ብያለሁ፥ ጋሼ ያደታ ወደ እኔ ሲመጡ አየሁ። ያኔውኑ ገባኝ። ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ‘ወንድምህ ዛሬ አርፏል። እኔ እዚህ ነኝ። የትም አልሄድም’ አሉኝ። አልዞሩም፥ አልሸፋፈኑም። እስካለቅስ ጠበቁኝ፤ ከዚያ በራሳቸው መኪና ቤቴ አደረሱኝ።” ዛሬ እዚህ ከተሰበሰብነው ውስጥ እጃቸውን ትከሻው ላይ ያላሳረፉበት ሰው ጥቂት ነው።

መቅሊት አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት አባቷን ተከትላ አላስካ ሄደች። ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲናገሯት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ፥ ጀልባ ላይ “እሺ አባዬ” ማለት ተማረች። እ.ኤ.አ. በ2022 የራሷን የካፒቴን ፈቃድ አወጣች። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ በሁለት ጀልባ እንግዳ ይመሩ ነበር። ጋሼ ያደታ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ ትሕትናቸውን ይረሳሉ። “ውሃውን ከእኔ በላይ ታያለች” ይሉ ነበር። በሚመጣው ዓመት ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ የራሳቸውን ጀልባ አውጥተው አብረው ሊሠሩ አስበው ነበር።

በዚህ ዓመት በማርች ወር ሆዳቸውን አሟቸው ሄደው ሲመረመሩ የቆሽት ካንሰር መሆኑና መድኃኒት የማይመልሰው ደረጃ ላይ መድረሱ ተነገራቸው። ያን ጊዜ ያወቀችው እህቴ ብቻ ናት። በሜይ መቅሊት ወደ ሎጁ ልትሄድ ስትነሣ “ወገቤን አሞኛል፥ ዘንድሮ ልረፍ” አሏት። አቅፋቸው ሄደች። በጁን ፊሮምሳ አውቆ አባቱን ማንሣትና ማስተኛት ጀመረ። እኔ ያወቅሁት በሐምሌ ነው። ምግብ ይዤ ብገባ ሶፋው ላይ ያገኘኋቸው ሰው ጋሼ ያደታን አይመስሉም ነበር።

“መቅሊት ታውቃለች?” አልኳቸው።

“አታውቅም። እንዳትነግሪያት።”

“ለምን?”

“ሰው ጭና ውሃ ላይ ናት፥ ስመኝ። እጇ ይንቀጠቀጥባታል። ሥራዋን ጨርሳ ትምጣ።”

ደሜ ፈላ። “ጋሼ ያደታ፥ ይሄ እኮ የአቶ አዲስ ቃል ነው!” አልኳቸው። “አንድም ሳይጎድል! እርስዎ አይደሉም ወይ በዚያው ዕለት ይነገር ብለው ያስወሰኑት?”

“የወሰንነው ስለ መርዶ ነው” አሉኝ። “እኔ ገና አልሞትኩም።”

ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። እሳቸው ግን “ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም ማለት ነው” አሉ። በማግሥቱ አቶ አዲስን አስጠሩ። ሁለቱ በር ዘግተው ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም። አቶ አዲስ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየመጡ ጋዜጣ ያነቡላቸው ነበር። እርቁ ወረደ። ልጅቷ ግን አልተነገራትም።

ለእኔ የገቡልኝ ቃል “የሚመጣው እሁድ እነግራታለሁ” የሚል ነበር። እንዲነግሯትም በእውነት ፈልገው ነበር። እሁድ እሁድ ፊታቸውን ተላጭተው፥ ትራስ ተደግፈው፥ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ትደውላለች። “ሃይ አባዬ፥ ሃው አር ዩ?” ትላቸዋለች። “ደህና ነኝ” ይሏታል። ስለ እንግዶቿና ስለ ያዘችው ዓሣ ታወራለች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ስልኩ ሲዘጋ እኛን አያዩንም። ለሰው ሁሉ መርዶ ይዘው የሄዱት ሰው የራሳቸውን ማድረስ አቃታቸው። የመጨረሻው እሁድ ነሐሴ 4 ነበር። ያን ቀንም “ደህና ነኝ” አሏት።

ረቡዕ ነሐሴ 7 ቀን በማለዳ አረፉ። እሳቸው ራሳቸው ያስወሰኑት ነውና ያለ ምንም መዘግየት ወደ ሎጁ ደወልኩ። የሎጁን ወጥ ሠሪ አጠገቧ እንድትቆምላት ለመንኳትና መቅሊትን ጠርታ አገናኘችኝ። እኔ ገና ስሟን ስጠራ “አንቲ፥ ሄደ አይደል?” አለችኝ።

“አዎ፥ የኔ ልጅ። ሄዱ።”

“አይ ኒው” አለች። “ከሐምሌ ጀምሮ አውቃለሁ። ጁን ላይ ሲያወራኝ የውሃውን ከለር፥ ሞተሩን፥ ሁሉንም ይጠይቀኛል። ከዚያ መጠየቅ አቆመ። አባዬ ስለ ውሃ የማይጠይቀው ለምንድን ነው?”

“ታዲያ ለምን አልመጣሽም?”

“ብመጣ እንዳወቅሁ ያውቃል። ደህና ሆኜ እንድሠራ ፈልጎ ነው የደበቀኝ። ሂ ኒድድ ሚ ቱ ቢ ኦኬይ። እኔም ኦኬይ ሆንኩለት።” እንግዶቿ አርብ ይሄዱ ነበርና ለቅዳሜ ትኬት ቆርጣ ነበር። ሥራው ቀደም ብሎ አለቀ ልትላቸው ነበር ያሰበችው።

እንዲህ ሆነ። አባት ልጃቸው እንዳትደነግጥ ደበቋት፤ ልጅ አባቷ እንዳያዝኑ እንደማታውቅ ሆነች። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች በየእሁዱ ስልክ ይዘው ደህና ነኝ፥ ደህና ነኝ እየተባባሉ የቀራቸውን ጊዜ ጨረሱት። እኔ በሕይወቴ እንዲህ የቆጨኝ ነገር የለም፤ ማንን እንደምቆጣም አላውቅም።

አቶ ያደታ ባደረባቸው ሕመም በባለቤታቸው በወ/ሮ ቤዛዊትና በልጃቸው በፊሮምሳ ሲረዱ ቆይተው ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ይህን መጀመሪያ የጻፍኩት “በባለቤታቸውና በልጆቻቸው ሲረዱ ቆይተው” ብዬ ነበር። መቅሊት ሐሙስ እንደገባች ፊሮምሳ አነበበላት። “እኔ አልረዳሁትም። አልነበርኩም። ከዚያ ላይ አውጡኝ” አለች። እናቷም ለመነቻት፥ አቶ አዲስም ለመኗት፥ አልሰማችም። ስለዚህ አወጣኋት። ይህን ወረቀት ዛሬ በእጁ የያዘ ሰው የተረሳች እንዳይመስለው ብዬ ነው የምናገረው።

አቶ ያደታ ቃልቤሳ ባለትዳርና የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ። የገሊላን ባሕር ዓሣ አጥማጆች በስማቸው የጠራ አምላክ የእኚህንም ዓሣ አጥማጅ ስም ይጥራልን፤ ከእናታቸው ከወ/ሮ ሎሚ ጋርም ያገናኛቸው። ለወ/ሮ ቤዛዊት፥ ለፊሮምሳ፥ ለወዳጅ ዘመዶቻቸውና በመርዶ ቀን ደርሰው ለደገፉን ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። ለልጃቸው ለመቅሊት ደግሞ፥ አባቷ “ደህና ነኝ” የማይሏትን፥ እሷም “ኦኬይ ነኝ” የማትላቸውን፥ ሁለቱ እውነቱን የሚነጋገሩበትን ቀን ያቆይላት። አሜን።